ኮም አራትን ብቻዬን ሳገኘው

ዛሬ ሰበታ በምሠራበት ፋብሪካ፣ ከማሽን ጀርባ ቆሜ፣ ሰው በሌለበት ክፍል «አሁንስ?» ብዬ ጮህኩ። የመለሰልኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሸጊያ ማሽናችን የሚግባባው ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ብቻ ነው። (ላፕቶፑ ከእኔ በፊት የተቀጠረ ነው፤ ጡረታ ግን አይፈቀድለትም።)

ዛሬ ስከፍተው የሲሪያል ፖርት፣ ማለትም የማሽን ገመድ መሰኪያዎች፣ ዝርዝሩ ላይ ኮም አንድ፣ ሦስት፣ አራት እና ሰባት ተደርድረዋል። የማሽኑ የትኛው ነው?

መላው ቀላል ነው። ከማሽኑ ጀርባ ገመዱን ትነቅላለህ፤ ከዝርዝሩ የጠፋው ቁጥር የማሽኑ ነው። ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ባልደረባዬ ኦቦ ገመቹ ይነቅላሉ፤ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። «አማ ሆ?» ይላሉ ከወዲያ፣ በኦሮምኛ አሁንስ ለማለት። «ሄደ!» እላለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ባለፈው ወር ጡረታ ወጥተው አምቦ ገቡ።

ዛሬ ራሴ ነቅዬ፣ ማሽኑን ዞሬ ሮጥኩ። ስደርስ ከአራቱ ቁጥሮች የሚታዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የትኛው እንደጎደለ ግን አላስታውስም፤ ቀድሜ አልጻፍኩትማ!

እንደገና ሰካሁ፣ ጻፍኩ፣ ነቀልኩ፣ ሮጥኩ። የጠፋው አራት።

ደወልኩላቸው።

«ኦቦ ገመቹ፣ አራት ነው።»

«ነቅለህ አረጋገጥክ?»

«አዎ።»

«ማን ነቀለልህ?»

«ራሴ፤ ነቅዬ ሮጥኩ።»

እናንተስ፣ ለሁለት የለመዳችሁትን ሥራ ብቻችሁን ስትሠሩ ምን ገጠማችሁ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ዛሬ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ።