ለአንዲት ሲ የሄደ ሽምግልና

ልጄ ሳራ ለፋርማሲ ትምህርት ቤት ስታመለክት፣ ሃይስኩል እያለች የወሰደቻቸውን የኮሌጅ ኮርሶች ውጤት በሙሉ ካላቀረብሽ ማመልከቻሽን አናይም ተባለች። ከውጤቶቹ መካከል አንዲት የኬሚስትሪ ሲ አለች። ልጅ በአስራ ስድስት ዓመቷ ያገኘቻት ሲ እስከ መቃብር ልትከተላት ነው? በእኛ አገር እኮ ደም እንኳ በሽማግሌ ይደርቃል።

ስለዚህ የሆፕኪንስ ከተማ ጎረቤቴን ጋሽ ታደሰን ይዤ፣ ሳራ ከኋላ ወንበር “ዳዲ፣ ፕሊስ ዶንት” እያለችኝ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ድራይቭ አደረግሁ።

ማመልከቻ ለምትቀበለው ሴትዮ በትህትና አስረዳኋት። “ያኔ ሃይስኩል ነበረች። ኮሌጅ የሚባል ነገር አልገባችም። እኚህ አባት ምስክሬ ናቸው።”

ሴትዮዋ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረች። “እውነት ነው?”

ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አወለቁ። “እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት አልመሰክርም” አሉ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። “እሱ ራሱ ‘ልጄ በአስራ ስድስት ዓመቷ ኮሌጅ ገባች’ ብሎ በግ አርዶ ጋብዞናል። ኬኩም ላይ አጽፎታል።”

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የኬኩን ፎቶ ከስልካቸው ውስጥ መፈለግ ጀመሩ።