ስፖኪዮውን ያልቆጠርኩበት ቀን

ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ባሌም አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ከእህቴ ጋር መኮራረፌን፣ በሰው መቅናቴን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «ይኸው ነው አባ» ብዬ እነሣለሁ። ይህች አንዷ ጉሮሮዬ ውስጥ ትቀራለች። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ፊቴን አይታችሁ አታዝኑልኝም። ስለዚህ ሳላሳምር እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ መኪና መሸጥ ነው፤ ሮም ውስጥ፣ ውድ የኤሌክትሪክ መኪና በሚሸጥበት ቤት። እናቴ የጣልያን ሽማግሌዎችን እየጦረች ነው ያሳደገችኝ፤ ከአዲስ አበባ ስታስመጣኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክራቫት ካሰሩ ወንዶች መሀል ቆሜ መኪና መሸጥ ስጀምር ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ኮንትራቶዬ ግን የስድስት ወር ብቻ ነበር።

ያኔ የመሸጫው አዳራሽ መሀል አንዲት ትልቅ ጥቁር መኪና ቆማ ነበር። ከገና ጀምሮ የደፈራት ገዢ የለም። ሰዎች ይዞሯታል፤ በሯን ከፍተው ወንበሩን ይዳብሳሉ፤ ድምፅ አልባነቷን ያደንቃሉ። ከዚያ «ግን የት አቆማታለሁ?» ብለው ወደ ትንንሾቹ ይሄዳሉ። እውነታቸውን ነበር። ከሮም ወጥታ አውራ ጎዳና ላይ ስትሆን እሷን የመሰለ የለም፤ ትንሳፈፋለች እንጂ አትሄድም። የሮም የውስጥ መንገድ ግን ለአህያና ለጋሪ የተቀደደ ነው። ያቺ መኪና የታሰበችው ቤቱ ሰፊ ግቢ፣ ደጁ ሰፊ ጎዳና ለሆነ ሰው ነው። ይህን እኔ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ለሙከራ ይዣት በወጣሁ ቁጥር ትንፋሼን ውጬ ነበር የምመለሰው።

አንድ ቀን አለቃዬ «አሎራ፣ እንግዲህ» አለኝ፣ «ያቺን ትልቋን የሸጠ ሰው ቋሚ ይሆናል።»

ጋሽ ካርሎ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። በወጣትነታቸው ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ጣርማ በርን በጭጋግ ውስጥ በጆሯቸው እየሰሙ ነድተዋል። ሮም ከገቡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ነዱ። «ሠላሳ ዓመት ጭረት የለብኝም» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ደረታቸው ትንሽ ይነፋል። ከመንዳት ሌላ የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም።

ባለቤታቸው እትዬ ሰብለ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ጋሽ ካርሎ እሁድ እሁድ ወደ ኦስቲያ ይወስዷቸውና ሁለቱም መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ነጯ አሮጌ መኪናቸው ግን ትንሽ ናት፤ ወንበሩ ካልተፈታታ አይገባባትም። የጋሽ ካርሎ ወገብ ይህን መቻል አቃተው። የቤንዚኑ ሽታም እትዬ ሰብለን ያጥወለውላቸው ነበር። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ «መኪና የምትሸጥ የአገር ልጅ አለች» ብለው ነገሯቸው። እኔን ብለው መጡ። እኔን ብለው!

ትልቋን እንዳዩ ወደዷት። ወንበሩ ሳይፈታ ከኋላ ይገባል፤ ሽታ የለም፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ግን ከኮት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቤታቸው ትራስቴቬሬ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ግቢው የሚያስገባው ቅስት በር ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው። ያንን በር በእትዬ ሰብለ የስፌት ሜትር ለክተው መጥተዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዓይኔ አትገባም ይለኛል። ወረቀታችሁ ምን ይላል?»

ወረቀታችን ላይ ሁለት ቁጥር ነበር። አንደኛው ስፖኪዮዎቹ ሳይቆጠሩ ያለው ስፋት ነው፤ ሁለተኛው ስፖኪዮዎቹ ተዘርግተው ያለው። ጋሽ ካርሎ የለኩት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ከሁለተኛው ያንሳል። ይህን በአንድ አፍታ አየሁ። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ባልኖረ። አልተሳሳትኩም። አየሁ፣ ገባኝ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፍኜ የመጀመሪያውን አነበብኩላቸው።

«ትገባለች ጋሽ ካርሎ። እንዲያውም ይተርፋል።»

«አንቺ ካልሽ» አሉና ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ስፖኪዮው እኮ ይታጠፋል፤ ለራሴ ያልኩት ይህን ነው። ግን ስፖኪዮውን አጥፎ፣ ጎኑን ሳያይ፣ ከጠባብ መንገድ እየታጠፈ በድንጋይ መሀል ማን ይገባል? አለቃዬ ዋሺ ብሎኝ ነበር? አላለኝም። ሥራ ባጣ እንራብ ነበር? አንራብም፤ እናቴም እኔም እጅ ነበረን። ታዲያ ለምን አደረግኩት? ቋሚ መባል ስለፈለግኩ። ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት ስድስት ዓመት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ኮንትራቶዬ ተፈረመ። ሥራ ቦታ ኬክ ተቆረሰልኝ። ነጯ አሮጌ መኪና ከዋጋው ላይ ተይዛ ከጋሽ ካርሎ እጅ ወጣች።

በሳምንቱ ደውለው ቤታቸው ድረስ ጠሩኝ። ሄድኩ። የትልቋ መኪና የቀኝ ስፖኪዮ ተሰብሮ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ የግራ በሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቋል። ከላይ ጎረቤቶች በየመስኮቱ ቆመው ያያሉ፤ ከኋላ የመጣ ታክሲ ጡሩምባውን ይነፋል። እትዬ ሰብለ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቅስቱ ሥር ይጠብቃሉ። ጋሽ ካርሎ ከመኪናው ወርደው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አልነበረም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ። «መኪናዋ ናት ወይስ እኔ ነኝ?»

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። መጀመሪያ የዋሸሁትን ውሸት እዚያው በአንድ ቃል ማፍረስ እችል ነበር። መኪናዋ ገና አዲስ ናት፤ ትመለሳለች፤ ቢበዛ እኔ እባረራለሁ። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ጋሽ ካርሎ፣ ቁጥሩ እኮ ይበቃል። ምናልባት... ዓይንዎን ቢታዩ?»

እጃቸውን አዩ። ዓይን አልኳቸው እንጂ እጅ አላልኳቸውም፤ እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ገልብጠው ገላልጠው አዩ። ከዚያ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። የሰውን መኪና መስበር በደል ነው፤ እኔ ግን ሰውየው በራሱ እጅ ላይ ያለውን እምነት ሰበርኩበት።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ወንዙ ዳር ማቆም ጀመሩ። የኤሌክትሪክ መሙያ ምሰሶዎቹም እዚያው ናቸው፤ አንዱ ይበላሻል፣ ሌላው በሰው ተይዟል። ኦስቲያ ለመሄድ እትዬ ሰብለን በዚያ አባጣ ጎርባጣ ጥርብ ድንጋይ ላይ እስከ ወንዙ ድረስ መግፋት ግድ ሆነ። ወንበሩ በዘለለ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስት እሁድ ሄዱ፤ ከዚያ ቀረ። እሳቸውም ብቻቸውን ለመንዳት ፈሩ፤ በሰፊው መንገድ ላይ እንኳ ፈሩ። ሚላኖ የምትኖረው ልጃቸው ኤሌና ነገሩን ሰምታ «አባባ፣ ሰው ሳትገድል ተው» አለቻቸው። የፓቴንቴያቸው፣ የመንጃ ፈቃዳቸው፣ ማሳደሻ ጊዜ ሲደርስ ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ቀሩ። መኪናዋ ተሸጠች። እትዬ ሰብለ በሚቀጥለው ዓመት በልባቸው ሕመም ዐረፉ። መኪናዋ ገደለቻቸው አልልም፤ አልገደለቻቸውም። የመጨረሻ እሁዶቻቸውን ግን ባሕር ሳያዩ፣ መስኮት ዳር ቁጭ ብለው አሳለፉ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶ ሄድኩ። ጋሽ ካርሎ ከሰዎች መሀል ሲያዩኝ ተነሥተው እጄን ያዙኝ፤ ለተቀመጡት ሁሉ እንዲህ ብለው አስተዋወቁኝ፦

«ይህቺ ልጅ ናት እውነቱን የነገረችኝ። ሌላው ሁሉ ሊያስደስተኝ ዝም ሲል፣ አርጅተሃል ብላ የነገረችኝ እሷ ናት። እግዚአብሔር ይስጣት።»

ሰዎቹ «አሜን» አሉ። እኔስ? አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋቴን ትሕትና ነው ብለው አዩት። ምስጋናውን ተቀብዬ፣ ንፍሮ ቀምሼ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ባልቴት የጋራዥዋን ልክ በስልኳ ፎቶ አንስታ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ትልቋን ነው የምትፈልገው። ወረቀቱን አወጣሁ። አውራ ጣቴ ራሱ ዐውቆ ወደ ሁለተኛው መስመር ሲሄድ አየሁት። እናንተ፣ ማንም ሳያዘው ሄደ! ጣቴን አነሣሁና «ሲኞራ፣ አትገባም» አልኳት። ሴትዮዋ አመስግናኝ ትንሿን ገዝታ ሄደች። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። በትራም ወደ ትራስቴቬሬ ሄድኩ።

ጋሽ ካርሎ በሩን ከፈቱልኝ። በጣም ከስተዋል። «ግቢ ልጄ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ ወሬ እንደምጀምርና ስለ ጤና ስንጠያየቅ ቀኑ እንደሚያልፍ ዐውቄአለሁ። በቆምኩበት ተናገርኩ። ሁለት ቁጥር እንደነበረ፣ አንዱን በጣቴ እንደሸፈንኩ፣ ቅስቱ ሥር ሲጠይቁኝም ዐውቄ እንደዋሸሁ፣ አንድም ሳላስቀር።

እጃቸውን ቁልቁል አዩ። ከዚያ «እጄ ደህና ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«ደህና ነበር። እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ማንም ሾፌር አያስገባትም ነበር።»

«ፓቴንቴውን...» ብዬ ጀመርኩ፤ ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አብሬዎት እዞራለሁ ልል ነበር። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ከእንግዲህ ማንን ይዤ ልንዳ?» አሉ። ቀጥሎ የተናገሩትን ግን እስክሞት አልረሳውም። «ሰብለ ትለኝ ነበር። መኪናዋ ናት ካርሎ፣ አንተ አይደለህም፣ አንተን አውቅሃለሁ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ጮኽኩባት። አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ፣ ልጅቷ ሥራዋ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም።»

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል «ተነሺ» አሉኝ። «ዛሬ ይቅር አልልሽም፤ ይቅር አልኩሽ ብልሽ ውሸት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ታደርጊያለሽ። ለኤሌና ጻፊላት፣ በጣልያንኛ። አባትሽ መንዳት አልረሳም ብለሽ ጻፊ፤ ስምሽንም ፈርሚበት።»

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ጻፍኩት። መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡት። «ምናልባት ተሳስቼ» ብዬ የጻፍኩበት አንድ ቦታ ነበር፤ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይህን አውጪው» አሉኝ። አወጣሁት። በማግሥቱ በፖስታ ላክሁት።

የኤሌና መልስ በሁለት ሳምንት መጣ። አንድ መስመር ነው፦ «ይህን እናቴ በሕይወት ሳለች መጻፍ ነበረብሽ።» ለአባቷ ግን አሁን በየቀኑ እንደምትደውልላቸው ሰምቻለሁ።

ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ። ትከሻውን ነቅንቆ «ድሮ ያለፈ ነገር» አለኝ። ለእኔ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ትልቅ መኪና ልግዛ ሲለኝ ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩን፣ መታጠፊያውን፣ የጋራዡን መውረጃ በእጄ ለክቼ ካልመጣሁ አልሸጥለትም። በዚህ ምክንያት ያመለጡኝ ገዢዎች ብዙ ናቸው። ያምልጡ። ግን ይህን የነገርኳችሁ አሁን ጥሩ ሰው ሆናለች እንድትሉኝ አይደለም። የለካሁት በር ሁሉ ቢደመር አንዲት እሁድ አይመልስም።

እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። በዳዩ እኔ፣ ተበዳዮቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሞተዋል፣ አንዱ ገና ይቅር አላሉኝም። እስኪሉኝ እጠብቃለሁ፤ ባይሉኝም ይገባቸዋል። ሳልፈርም ግን አልተውም። ስሜ ጽጌ ነው። ዐውቄ ነው ያደረግኩት።