ትሕትና ስታፉን ያጋደመች ዕለት

ትሕትና መኳንንት ዛሬ መንገድ ታሠራለች፤ በሥሯ ወንዱም ሴቱም አለ። ሰው ሲያያት ድሮም እንዲህ ደፋር የነበረች ይመስለዋል። አልነበረችም። እኔ ጽዮን፣ የዓለም ከተማ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንማር የአንድ ዶርም ልጆች ስለነበርን አውቃለሁ። ወሬዬ ከበዛ ንዴቴ ነው ያበዛው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርን። የካቲት ላይ ለመስክ ልምምድ ተብሎ ከጓሳ ተራራ ግርጌ ድንኳን ተተክሎልን ከረምን። ሥራችን ወደ ራቤል የሚወስደውን መንገድ ከፍታና ዝቅታ መለካት ነበር። አንዱ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ በተተከለው፣ ሌቭል በሚባለው መለኪያ መነጽር ያያል፤ ሌላው ማዶ ቆሞ ስታፍ የሚባለውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም እንጨት ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሦስተኛው የተነበበውን ይጽፋል።

ማን ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ? ወንዶቹ ያያሉ፤ እኛ እንይዛለን፣ እንጽፋለን። ያዘዘ ሰው የለም። «የእናንተ ጽሕፈት ያምራል» ይሉናል፣ አለቀ። ቅር ሲለን ደግሞ «በድጋፍ ነጥብ የገባችሁ» የምትል ቀልድ አለቻቸው። አፈር ትብላና! ጉዱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ሌቭሉን ብቻውን ተክሎ፣ ብቻውን አንብቦ ይፈተናል። በየዓመቱ እዚያ ላይ የሚወድቁት ሴቶች ናቸው። ከዚያ «ሴት መሣሪያ አይሆንላትም» ይባላል።

ትሕትና የጊሼ ልጅ ናት። አባቷ አቶ መኳንንት ልጃቸው ሰፈራቸው አጠገብ መምጣቷን ሰምተው በፈረስ መጡ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ተከናንበው ዳገቱ ላይ ተቀመጡና ግማሽ ቀን ሲያዩን ዋሉ። ለምሳ ስንመለስ አስጠሯት።

«ልጄ፣ ያ ልጅ በመሣሪያው የሚያየው ምንድን ነው?»

«ከፍታ ነው፣ አባዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እንጨቱን እይዝለታለሁ።»

 አቶ መኳንንት ቀስ ብለው «እንጨት ለመያዝ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽ?» አሏት። ሊሰድቧት አልነበረም፤ በእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። ቀጥለውም የመጡበትን ነገሯት። ታናሿን ጥሩሸዋን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ እሑድ ይመለሳሉ። ጥሩሸዋ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። «ታላቋ ተምራ ምን እንደምትሆን ልይና እመልስላችኋለሁ ብያቸዋለሁ» አሉ።  ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ትሕትና ደግሞ ሌቭሉን አንድም ቀን በእጇ ነክታው አታውቅም።

ከሰዓት ሥራ ጀመርን። ምንተስኖት፣ የቡድናችን መሪ፣ ከሌቭሉ ኋላ ሆኖ «ቀጥ አድርጊው!» ብሎ እጁን አወናጨፈባት። እሷ ስታፉን ሣሩ ላይ አጋደመችውና ወደ እሱ መጣች።

«ተራዬ ነው» አለችው።

«ሥራው ይጓተታል፣ ትሕትና። ሂጂ ባክሽ።»

አልሄደችም። ስታፍ የሚይዝ ከሌለ ሌቭሉ ምንም አያነብም፤ ሥራው ቆመ። መምህር ዓምደ ሚካኤል ተቆጥተው መጡ።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«መምህር፣ ሐሙስ ብቻዬን እፈተናለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሁትም።»

«ማን ከለከለሽ?»

«የከለከለኝ የለም። የሰጠኝም የለም።»

 እኔ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ከወዲያኛው ቡድን አማከለች የምትባል ልጅ የሷን ስታፍ አጋደመች፤ የቀሩት ሴቶችም ተከተሉ። መምህሩ የመንገዱን ልኬት በሳምንቱ መጨረሻ ማስረከብ ነበረባቸው። ግራ ቀኝ አዩና «ከአሁን ጀምሮ በየተራ» ብለው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ትሕትና ወደ መነጽሩ ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ቀና ብላ «ተበላሽቷል እንዴ?» አለች። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ለካ ያ አሮጌ ሌቭል ሁሉን ነገር ዘቅዝቆ ነው የሚያሳየው፤ ቁጥሩም የሚነበበው ተገልብጦ ነው! እኛ ያን ሁሉ ጊዜ ስንጽፍ ይህን የነገረን አልነበረም። ደሜ ፈላ። ምንተስኖት ግን ስታፉን ይዞ በዚያ ብርድ ንፋስ ላይ ሲቆም፣ ገና ከመጀመሩ «እጄ ደነዘዘ» ማለት ጀመረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ሐሙስ እየተቀባበልን ስንተክል ስንነቅል ሰነበትን።

ሐሙስ ንፋሱ ጉድ ነበር። አቶ መኳንንት አልሄዱም፤ ዳገታቸው ላይ ናቸው። ትሕትና የመሣሪያውን እግሮች መሬት ውስጥ ረግጣ ተከለች፣ ውሃ ልኩን አስተካከለች፣ አነበበች፣ ዞራ ወደ ተነሳችበት ተመለሰች። ስታሰላው የመነሻውና የመመለሻው ቁጥር አልገጠመም። አንዷን ቁጥር ትንሽ ብትነካካት ማንም አያውቅባትም፤ ብዙዎች ያደርጉታል።

«መምህር፣ ስቻለሁ። ልድገመው» አለች።

«ሰዓትሽ እያለቀ ነው።»

«ግድ የለም።»

እንደገና ተከለች። እኔ ጸሎቴን ጨርሼ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። በስተመጨረሻ መምህር ዓምደ ሚካኤል ስሌቷን ደጋግመው አዩና «ገጥሟል። አልፈሻል» አሏት። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ትሕትና ወደ ዳገቱ ሮጠች። አቶ መኳንንት ፈረሳቸውን እየጫኑ ነበር።

«አባዬ፣ አልፌያለሁ! ነገ ቢሄዱ ምናለ?»

«የለም፣ ለእሑድ ልድረስ» አሏት እርካቡ ላይ እግራቸውን እያኖሩ። «ሽማግሎቹን ጠላ አጠጥቼ እሸኛቸዋለሁ። ጥሩሸዋ ትማራለች።»