ዳማን ሸጬ ሉክሶር ገባሁ

ሰው ሲኮበልል በሌሊት ነው ይባላል። እኔ ግን ከእንጅባራ የወጣሁት ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አባቴ ደጃፍ ቆመው እያዩኝ ነው። ዳማን ዘንገና ሐይቅ ወስጄ ውሃ ላጠጣው አልኳቸው። ዳማ በመልኩ የተጠራ ፈረሳቸው ነው፤ ከእኔ አስበልጠው ይወዱታል እያልኩ የምቀናበት። ብዙ አታጋልበው ብለው መረቁኝ፣ ሞኙ አባቴ። ዘንገና የቱ፣ ጫግኒ የቱ! እኔ ጫግኒ አድሬ በማግስቱ ወደ ቆላው ወረድኩ።

ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። ኢየሩሳሌም ደርሰው የተመለሱ አንድ መነኩሴ በግብፅ ሲያልፉ ያዩትን ሲያወሩ ሰማኋ! ሰው የሌለበት የነገሥታት ከተማ፣ ዋርካ የሚያህል የድንጋይ ምሰሶ። ከዚያ በኋላ እርፉን ብጨብጥም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። አባቴ ደግሞ ሚስት ሊያጩልኝ ሽማግሌ ልከዋል፤ ብለምናቸው አይለቁኝም። ሱዳን ጠረፍ ስደርስ ዳማን ለአንድ ነጋዴ ሸጥኩት። ነጋዴው ሲወስደው ዘወር ብሎ አየኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ካርቱም ሁለት ዓመት ሻይ ቤት ሠርቼ አረብኛ ለመድኩ። ከዚያ በባቡር፣ ከዚያም በመርከብ ዓባይን ተከትዬ ግብፅ ደረስኩ። ከእኛው ደጅ የወጣው ዓባይ ያለ ምንም ወረቀት ዘው ብሎ ሲገባ እኔን ወረቀት ጠየቁኝ። የጠረፉ ሹም ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ፈረስ አውቃለሁ አልኩት።

«ፈረስህ የታለ?»

«ሸጥኩት።»

«እንዲህ ነው እንጂ ፈረስ ማወቅ!» ብሎ እየሳቀ ማኅተሙን መታልኝ።

ሉክሶር ላይ ሐጅ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ሐንቱር ነጂ አድርገው ቀጠሩኝ። ሐንቱር ጣሪያ ያለው የፈረስ ጋሪ ነው። ፈረንጆቹን ከባቡር ጣቢያ አንስቼ መጀመሪያ ካርናክ የሚባለው ፍርስራሽ፣ ከዚያ አሮጌው ገበያ አደርሳቸዋለሁ። ወገኖቼ፣ መነኩሴው አልዋሹም። ምሰሶውን ስድስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ግን ጣሪያ የለው፣ ሰው የለው። ስንት ሺህ ዓመት የቆመውም ዝናብ ስለሌለ ነው እላለሁ፤ የእንጅባራን ክረምት አንድ ዓመት ያሳዩትና ልየው! እዚህ በስንት ዓመት አንዴ ጠብ ቢል ነው፤ ሰማዩ ያናድደኛል። ምግቡ ጠዋትም ማታም ባቄላ ነው፣ ፉል ይሉታል። የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚፈታው ብዬ ሐጅ ሰይድን አስቄያቸዋለሁ።

ፈረንጆቹ ምሰሶ ሲቆጥሩ እኔ አንድ ቦታ መቆም አልችልም። በአሮጌው ገበያ ቅመሙንና የመዳብ ዕቃውን አልፌ ኮርቻ ሰፊዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አንዱን ልጓም አነሳለሁ፣ እጥላለሁ፣ ወደ ሌላው ሱቅ እሻገራለሁ። የሚያቅበጠብጠኝን ልንገራችሁ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ዕቃውን ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በለቅሶው መካከል ይጎተታል። ልጓሙን የሚይዘው ልጁ ነው። አባቴ አርጅተዋል፤ ለቅሷቸው ያለ ፈረስ ሊሆን ነው፣ ያውም በእኔ። ተመለስ ይለኛል ልቤ። በፈረስ ወጥቼ በእግሬ ልግባ? በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ!

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስቁነጠነጥ ኖርኩ። አንድ ጠዋት ፈረንጅ ባልና ሚስት ጭኜ በገበያው ጠባብ መንገድ ስሄድ ከፊቴ ከበሮ ተመታ። እንደ እምቢልታ ያለ ነገር ሆድ በሚያባባ ድምፅ ይነፋሉ። ብቅ ስል ያየሁት አንድ ዳማ ፈረስ ነው፤ በብርና በጥልፍ ተሸልሟል፣ ላዩ ላይ ሰው የለም፣ ጎረምሳ ልጓሙን ይዞ ይጎትተዋል። ትልቅ ሰው ሞቷል አልኩ። የአዊ ሰው ለቅሶ አግኝቶ ሳይወርድ አያልፍም። ዘልዬ ወረድኩ፣ ኩታዬን አደገደግሁ፣ ደረቴን እየደቃሁ «አባቴ! ፈረሰኛው አባቴ!» እያልኩ መሃላቸው ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት የታመቀ እንባ ነው፣ ማን ያቁመው! ከበሮው ቀጥ አለ። ፈረንጆቹ የአገሩ ባህል መስሏቸው ፎቶ ያነሱኛል።

ለካ ሠርግ ኖሯል። ሙሽራው ከቤት ወጥቶ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ነው። የሙሽራው አጎት ክንዴን ያዘኝ፤ ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ግን ዓይኔን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን ሞቶብህ ነው?»

«አባቴ።»

«መቼ?»

«አልሞቱም» አልኩት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። በሕይወት ላለ አባቴ ደረት ደቃሁ፤ ከዚህ የባሰ ሟርት ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲያ መቀመጫም አላገኘሁ። እህቴ ብርቄ ዳንግላ ባል አግብታ ትኖራለች፤ አባባን ስልክ ቤት ይዘሽልኝ ነዪ ብዬ ቀን ቆርጬ ጻፍኩላት። መልሱ በሁለት ወር ደረሰ። «እንመጣለን» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። እንመጣለን ማለት ከማን ጋር ነው? እሷና ባሏ ቢሆኑስ? ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት።

በቀኑ ፖስታ ቤት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተገተርኩ። የካይሮ መስመር ተገኘ፣ ጠፋ፤ የአዲስ አበባ ተገኘ። ከዚያ በጩኸቱ መካከል «ማነህ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ በአገውኛ መጣ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን፤ እግሬ ነው እንቢ ያለኝ።»

«አባባ፣ ስለ ዳማ ይቅር ይበሉኝ።»

መስመሩ ተንጫጫ፤ መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ አጣበቅሁት።

«ይቅር ብያለሁ፤ ቆየ እኮ» አሉኝ።

ደስታዬ ምላሴን አሯሯጠው። ብርቄ ከዳማ የሚበልጥ ፈረስ የምትገዛልዎትን ገንዘብ እልካለሁ፣ ሙሉ ዕቃውን ከዚሁ ከገበያው፣ በብር የተሠራ፤ ለክፉ ቀንም ቢሆን ያለ ፈረስ አይቀሩም እያልኩ ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ፈረስስ ጎረቤትም ያውሰኛል፣ ልጄ» አሉ። «የሚጎትትልኝን ከማን ልዋስ?»

ከዚያ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አሉ። ሰምቻቸዋለሁ። መነጋገሪያውን እንደ ልጓም ጨብጬ ቀረሁ።