ማንጠግቦሽና ከጎን የሚታየው ቴሌቪዥን

ማንጠግቦሽ ቴሌቪዥን ልትገዛ ሦስት ቀን ሸምሰዲን ሱቅ ሄዳ ሦስቱንም ቀን ባትሪ ድንጋይ ገዝታ ተመለሰች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ ወንዶች ይቆማሉ፤ ጎረምሶች ስለ ስልክ ይከራከራሉ። ሸምሰዲን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ፣ «እሺ እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» ሲላት ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ትሰድና፣ «ባትሪ ድንጋይ አለ?» ትላለች። በሦስተኛው ቀን አስፋልቱን ስንሻገር፣ «ሬዲዮናችን እኮ በመብራት ነው የሚሠራው» አለችኝ። ሳቃችን ሊመጣ ነበር፤ ግን አልሳቅንም። የገና ማግስት ነበር፤ ለአፍሪካ ዋንጫው የቀረው ጊዜ እያለቀ ነው።

ማንጠግቦሽ ጎረቤቴ ናት። ግቢያችንን የሚለየው የእንሰት ረድፍ ነው፤ እሱም ቢሆን መሐሉ ላይ እኛው ተመላልሰን የከፈትነው መሹለኪያ አለው። ሠላሳ ዓመት ያህል እዚሁ ዲላ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ነበረች። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ቡናውን ፊቷ በትና፣ ጥቁሩን፣ ስባሪውንና ነቀዝ የበላውን ትለያለች። ሌሎቹ ሴቶች ከላይ አይተው ሲያሳልፉ እሷ አንገቷን ዝቅ ታደርግና በጎን ታየዋለች። «ፊት ለፊትማ ሁሉም ቡና ደህና ነው» ትላለች። ተቆጣጣሪው የእሷን ክምር ሳይነካው ያልፍ ነበር። ድምጿ ግን ከአጠገቧ ለተቀመጠችውም አይሰማም። ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የምታለቅሰው ነጠላዋ ውስጥ ነው።

ባሏ አቶ ወንድይራድ ድምፃም ነበር። ከጨለለቅቱና ከኮንጋ ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ኖሮ፣ ጡረታው ሲቃረብ ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ ንግግሩም እየተቆራረጠ ይወጣል። መኝታ ቤታቸው ተሽከርካሪ ወንበሩን ስለማያስገባ አልጋውን ሳሎን ውስጥ ከግራው ግድግዳ አስጠግተው ዘረጉለት። ፊት ለፊቱ የውጭው በር ነው። አንገቱ ወደ ቀኝ የሚዞረው ጥቂት ብቻ ነው። የድሮዋ ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን በቀኙ ግድግዳ በኩል ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሆና፣ እሱ ከጎንም ከታችም እያያት ምንም ሳይጎድልበት ይኖር ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ በእሷው አይቶ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ለዋንጫው የደረሰችው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ወንድይራድ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ በሬዲዮ ነበር የሰማው። ኅዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኗ ጧ አለችና ጨሰች። ጠጋኙ ከፍቶ አያትና «ነፍስ ይማር» ብሎ ዘጋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድይራድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ጉርሻ ከቀመሰ «በቃኝ» ነው። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ልጅ ደም ግፊቱን ለክታ ስትጨርስ ማንጠግቦሽን ወደ ውጭ ጠርታ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱን እኔ እሰጣለሁ፤ የመብላት ፍላጎቱን ግን ከየት ላምጣ?» አለቻት።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ከዛምቢያ ጋር ጥር አሥራ ሦስት ቀን ነው። ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ትንሳኤ ነገሩን ሰምታ ገንዘቡን ላከች፤ «ስሱን፣ ደህናውን ግዙ» ብላ። ደህናው የቱ እንደሆነ ግን አልነገረችንም። ሸምሰዲን ሱቅ ደግሞ ከባንኮኒው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

የማንጠግቦሽ የእህቷ ልጅ ሲራክ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ወንድይራድ ተኝቶ ሳለ መጥቶ ደብተሩ ላይ ሦስት አራት ማዕዘን ሣለልን።

«ይኸውልሽ አክስቴ፣ ይሄ ፕላዝማ ነው። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ መብራት ይበላል፣ ፊቱ መስታወት ስለሆነ የቤቱን ብርሃን ሁሉ ይመልሳል። ጊዜው አልፏል። ይሄ ኤልሲዲ፤ ከጀርባው ረጃጅም ቀጭን አምፖሎች አሉት። ይሄኛው ኤልኢዲ። እሱም ያው ኤልሲዲ ነው፤ የጀርባው መብራት ብቻ ነው የተለወጠው። ስስ፣ ቀላል፣ መብራት የማይፈጅ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ኤልኢዲ!»

«ከጎን ያሳያል?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ማን ከጎን ያያል?»

ወደ አልጋው አየች። ሲራክም አየና እርሳሱን አስቀመጠ።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስስ ቴሌቪዥን ነበር፤ ለእኛ የደረሰን የዳሩ አግዳሚ ወንበር ነው። ከዚያ ሆነን ስናይ የዜና አንባቢዋ ፊት ጥላሸት የተቀባ ይመስል ጠቁሮ፣ ጸጉሯ ነጥቶ ነበር። ተነስተን መሐል ስንቆም ደህና ሰው ሆነች።

«ለሱ እንደዚያ ቢሆንበትስ?» ትለኛለች በቀን አሥር ጊዜ። «ገዝተን፣ አቁመን፣ ደስ ብሎን፣ እሱ ጥቁር ጥቁር ነገር ብቻ ቢያይስ? ደግሞ አይናገርም እኮ። ‹ጥሩ ነው› ይልና ፊቱን ያዞራል።»

«ወደሱ እናዙረዋ» አልኳት።

እሱ ተኝቶ ሳለ የቴሌቪዥኑን ስፋት የሚያህል ካርቶን አቁመን ሞከርነው። ወደ አልጋው ስናዞረው ጫፉ የጓዳውን በር ይዘጋል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ አያልፍም። የግድ ከግድግዳው ጋር መቆም አለበት፣ እሱም የግድ ከጎን ማየት አለበት።

ሲባጎ ያመጣችው ለዚህ ነው። ከትራሱ እስከ ቴሌቪዥኑ ቦታ፣ ከወለሉ እስከ ዓይኑ ለክታ በየልኩ ቋጠሮ ልታስርበትና ሱቅ ይዛው ልትሄድ። ተስፋ አድርጎ እንዳይቀርበት ግዢውን ደብቃው ስለነበር አሁንም እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቅን። እኔ አንዱን ጫፍ ቀኙ ግድግዳ ላይ ያዝኩ፤ እሷ ሌላውን ይዛ በላዩ ጎንበስ አለች። ሲባጎውን ከራስጌው ስታስጠጋው ዓይኑን ገለጠ። ሲባጎውን አየ። እሷን አየ። እኔንም አየኝ።

«ማንጠግቦሽ… ደረሰ?»

«ምኑ?»

«ልኬን… ነው የምትወስጂው?»

ሬሳ ሳጥን ሠሪው ጋ የሚላከው ልክ እንዲሁ በሲባጎ ቋጠሮ ነው። ይህ ለሁለታችንም አልታሰበንም ነበር። ሲባጎው ከእጇ ወደቀ።

«በስመ አብ! ሟርት አታውራ! ያንተን አይደለም፣ የቴሌቪዥኑን ነው!»

ወንድይራድ የወደቀውን ሲባጎ በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ የከንፈሩ ግራ ጥግ ተንቀሳቀሰ።

«ለቴሌቪዥኗም… ሳጥን… አዘዛችሁላት?»

እሷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሁሉንም ነገረችው። አዳመጣትና አንድ ነገር ብቻ አለ። «በሩን… እንዳትዘጉብኝ። ሰው ሲያልፍ… ልይ።»

እንዲህ ሆኖ አንዱ ጭንቀት ሁለት ሆነ። ስሱ ከጎን ይጠቁራል፤ ፕላዝማው ከጎን ያሳያል ቢባልም በተከፈተ በር ፊት መስታወት ይሆናል። በማግስቱ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ሁለቴ ሻይ አፍልታ ሁለቴም ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

«እሺ እማማ፣ ባትሪ ድንጋይ?» አለ ሸምሰዲን፣ እጁን ወደ መደርደሪያው እየሰደደ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ማንጠግቦሽ ወደ በሩ ዞረች፤ እኔ ነጠላዋን ይዤ አስቀረኋት። የሸምሰዲን ሚስት ሀዲጃ በእጇ የጨበጠችውን ሲባጎ አየችው።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?»

ማንጠግቦሽ በጆሮዋ ነገረቻት። አልጋውን፣ አንገቱን፣ ግድግዳውን፣ በሩን። ሀዲጃ ቀና አለች።

«ወንዶች ውጡልኝ!»

«ምን ተፈጠረ?» አለ አንዱ።

«የሴት ጉዳይ ነው። አንተም ጭምር!» አለችው ባሏን።

«ከገዛ ሱቄ?»

«ቴሌቪዥኖቹን አብራና ውጣ ነው ያልኩህ!»

ወንዶቹ ሲወጡ ሀዲጃ በሩን ገርበብ አድርጋ ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፈች። ኤልኢዲውና ፕላዝማው ጎን ለጎን ቆመው አንድ ዓይነት ሥዕል ያሳያሉ፤ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። በሲባጎው ቋጠሮ ርቀቱን ለካን። ማንጠግቦሽ በጀርባዋ ተጋደመችና አንገቷን ልክ እንደ ወንድይራድ ጥቂት ብቻ ወደ ቀኝ አዞረች። እኔ እግሯን በነጠላዬ ሸፈንኩላት። ሕዝብ በሚገባበት ሱቅ ወለል ላይ ተጋድማ አያታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ስሱ ላይ ፊቷ ከሰል ሆነ» አለች። «የዚያኛው ደህና ነው። የአንገት ሐብሏ ሳይቀር ይታየኛል።»

ሀዲጃ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ፕላዝማው ላይ ብርሃኑ እንደ ነጭ አንሶላ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ያለፈ ባጃጅ በዘፋኟ ግንባር ላይ ሲያልፍ ታየ። ማንጠግቦሽ ዓይኗን ጨፈነች።

ሸምሰዲን በበሩ አንገቱን አስገባ። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ፕላዝማ የመጨረሻው ነው፤ ሰው አይፈልገውም። ነገ ‹አሮጊቷን አሞኝቶ ሸጠላት› ይሉኛል። ኤልኢዲውን ይውሰዱ።»

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ገልጣ እንደገና አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። ቡና ስትለቅም እንዲህ ነበር ከንፈሯን የምትነክሰው። ከዚያ ከተጋደመችበት ሳትነሳ፣ ውጭ ላሉት ጎረምሶችም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«የበሩ ብርሃን ሲመሽ ይሄዳል። የዚያኛው ጥቁረት ግን መሽቶም አይሄድም። ፕላዝማውን ስጡኝ።»

ፕላዝማ ተጋድሞ አይጫንም፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል ተባልን። ሲራክ ባጃጅ ውስጥ አቁሞ አቀፈው፤ ማንጠግቦሽ እጇን ካርቶኑ ላይ አድርጋ ከጎኑ በእግሯ ሄደች። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል ልጄ!» ትላለች።

«እማማ፣ ታቦት ነው እንዴ የያዝነው?» አለ ባለ ባጃጁ። ቢሆንም ፍጥነቱን ቀነሰላት።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ግጥሚያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጀመር ገና አልመሸም ነበር። የበሩ ብርሃን የሜዳውን እኩሌታ ሸፍኖታል። ወንድይራድ ዓይኑን አጥብቦ ያያል። ማንጠግቦሽ የምታየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን ነው።

«ይታይሃል?»

«እ…»

«በሩን ልዝጋው?»

«ተይው።»

«ታዲያ ይታይሃል ወይ?»

«ግማሹ… ይታየኛል።»

«ብዬ ነበር» አለ ሲራክ በለሆሳስ። ማንጠግቦሽ እጄን ጨበጠችኝ። «ተሳሳትኩ» አለችኝ። «አይመለስም እኮ። አሁን ፊቱን ያዞራል።»

አላዞረም። ብርሃኑ ከመስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ መጀመሪያ የእኛን ጎል፣ ከዚያ መሐል ሜዳውን። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጠን ሜዳው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ተመታ። የዛምቢያው በረኛ መለሰው። ወንድይራድ በግራ እጁ የአልጋውን ብረት መታው። «ምን… ነካው!»

ጥቂት ቆይቶ የእኛ በረኛ ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ። ያን ጊዜ ወንድይራድ የጮኸውን ጩኸት ከታመመ ጀምሮ ሰምተነው አናውቅም። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ግንባሩ አላበው።

«ደም ግፊቱ!» ብላ ተነሳች ማንጠግቦሽ። «ሲራክ፣ አጥፋው! እኔው ልገድለው ነው!» ሲራክ ሲያመነታ እሷው ወደ ሶኬቱ ሮጠች።

«ማንጠግቦሽ! ከነካሽው… እፈታሻለሁ!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ሲራክ በሳቅ ወደቀ።

ለእረፍት ሊወጡ ሲሉ ጎል ገባብን። እኔም እሷም አንገቱን ነው የምናየው። ወንድይራድ ሲተነፍስ ይሰማል።

«አሥር ሰው… ናቸው እኮ» አለ፤ ቆይቶም፣ «የሚበላ… የለም እንዴ?»

«ለማን?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ለእኔ ነዋ!»

ጫማዋን ሳታደርግ ጓዳ ሮጣ ቆጮና ጎመን አመጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታጎርሰው ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ዓይኑን ከሜዳው አያነሳም፤ የእኛዎቹ ኳስ ይዘው በሮጡ ቁጥር ራሱ አብሮ ስለሚሄድ ጉርሻው ጉንጩ ላይ ያርፋል። ትጠርግለትና ሌላ ትጠቀልላለች።

«እንዲህ እየጮኸ ጨዋታው እስኪያልቅ እንዴት እናደርሰዋለን?» አለችኝ በሹክሹክታ።

በአገጬ ወደ እሱ ጠቆምኳት። ወንድይራድ አፉን ከፍቶ እየጠበቃት ነበር።