እመት ፈቃድ

ሕክምና ስትማር የክፍል ጓደኞቿ «እመት ፈቃድ» ያሏት በአንድ ጉበት ምክንያት ነው።

ጉበቱ የአንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አብጦ ከጎድን አጥንታቸው በታች ወርዷል፤ በእጅ ሲነካ በደንብ ይለያል። ለሕክምና ተማሪ እንዲህ ያለው በየቀኑ አይገኝም። ወሬው ተዳረሰና ተማሪዎቹ ከሌላ ዋርድ፣ ከሌላ የሕሙማን ክፍል ሳይቀር እየመጡ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው፣ ሆዳቸውን ተጭነው ይሄዳሉ። የሰውየውን ስም የያዘ አልነበረም። «ጉበቱ ጋ ሄዳችሁ?» ይባባላሉ።

ከአስተማሪያቸው ጋር ታማሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ የእሷ ተራ ደረሰ። እጇን ሳትሰነዝር ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ሆድዎን ብነካ ይፈቅዳሉ?»

«መጠየቅም አለ እንዴ? እኔማ የበር ደወል የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይጫነኛል።» ተማሪዎቹ ሳቁ። «ዛሬስ ይቅርብኝ ልጄ። አሞኛል።»

«እሺ አባባ።»

የሚያስተምራቸው ስፔሻሊስት ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የተማረው እንዲሁ ነው።

«ሳትነኪ እንዴት ልትማሪ ነው?»

«አሞኛል ብለዋል፣ ዶክተር።»

«ነገ አንቺ ያልለየሽው ጉበት ሰው ቢገድልስ?»

ያለው እውነት ነው።

«የሚፈቅድ ታማሚ ልፈልግ» አለች።

«እዚህ ዲፓርትመንት ዛሬ የመጨረሻችሁ ቀን ነው። ወይ አሁን ትመረምሪያለሽ፣ ወይ የዲፓርትመንቱን ልምምድ ከመጀመሪያው ትደግሚያለሽ።»

ሽማግሌው ራሳቸው ብርድ ልብሱን መግለጥ ጀመሩ። «በኔ ጦስማ አትወድቂም። ነይ፣ ንኪ በቃ።»

እጃቸውን ያዘች። «አይሆንም አባባ። አሞኛል ብለውኛል እኮ።» ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰቻቸው።

ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ቀረች። ለሰፈሩ ሁሉ «እህቴ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ ያስወራው ታላቅ ወንድሟ ራት ላይ አኮረፈ።

«ሰው ወድቃ ነው እያለ ነው።»

«ወድቄ ነዋ። ምን ዋሹ?»

«አንድ ጊዜ ብትነኪያቸው ይሞቱ ነበር?»

«አይሞቱም። ያማቸው ነበር።»

ሰኞ ጠዋት በትምህርት ከሚከተሏት ታናናሾቿ ጋር እዚያው ዋርድ ተሰለፈች። ያው ስፔሻሊስት፣ ሌላ ታማሚ፤ ሆዳቸው የተነፋ አሮጊት። በዓይኑ ጠቆማት። እጇን አሻሽታ አሞቀችና ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ሆድዎን ብነካ ይፈቅዳሉ?»

አሮጊቷ ዝም። ጆሯቸው በደንብ አይሰማም ኖሯል። ስፔሻሊስቱ ሰዓቱን አየ። ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ ዋርዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ እንደገና ጠየቀች።