አልከደን ያለው ዓይን

ተናኘ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ግቢ የሚገባ ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ልትጉመጠመጥ ውሃ ብትይዝ በግራ አፏ በኩል ተንዠቀዠቀባት። መስታወት ስታይ ግማሽ ፊቷ የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃት። ቀኙ ሲደነግጥ ግራው ዝም ብሎ ያያታል።

ጎረቤቷ ኦብሴ ሳትጠየቅ መልስ የማታጣ ናት። «ትናንት በቀትር ካላለቀው ፎቅ ጀርባ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ስመ እግዚአብሔር ሳትጠሪ የፈላ ውሃ አልደፋሽም? የጋኔኖቹን ልጆች አቃጥለሽባቸው ነው በጥፊ ያጠናገሩሽ። ሄደሽ ይቅርታ በያቸው» አለቻት።

ሄደች። ቀትር ላይ ከቦዩ አፋፍ ተቀምጣ፣ እንዲያዩዋት ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ፣ የማታያቸውን ስትለማመጥ ዋለች። የሲሚንቶ አቧራ አልከደን ያለው ግራ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ቆረቆራት። እሷ ግን መልስ የሰጧት መሰላት።

ቤት ገብታ ጋደም አለች። ስትነቃ ባሏ ክብረት በሩ ላይ ቆሟል።

«ተኝተሽ ታዪኝ ነበር» አላት። «ነጩ ብቻ ነው የሚታየው።»

ያን ማታ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። የማይከደነው ዓይኗ ያንኑ ጀርባ ሲያይ አደረ፤ ከጥፊውም በላይ ይሄ አመማት።

በማግስቱ ዓይኗ በርበሬ ሲመስል ክብረት ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሲስተር ናዝሬት ቅንድቧን እንድታነሳ አዘዘቻት፤ የግራ ግንባሯ ንቅንቅ አላለም። ሁለት እጆቿን አስነሳቻት፤ እኩል ተነሱ። ሐኪሙም አይቷት ኪኒን አዘዘ።

«ስትሮክ አይመስልም፤ የፊት ነርቭ ነው» አለች ናዝሬት። «ኪኒኑ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ ብዙው ሰው ይድናል። ዓይንሽን ግን አቧራው ሊያጠፋው ነው። ቀን ጠብታ፣ ስትተኚ ቅባት፣ ከዚያ የዓይንሽን ቆብ ከድኖ በፕላስተር ማሸግ። ማን ይከድንልሻል?»

ክብረት መሬት መሬት አየ። «እኔ» አለ።

በየማታው በጣቱ ጫፍ ብቻ ይከድንላታል፤ ከዚያ ዞሮ ይተኛል።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ እጁን ሲሰድ፣ ጣቱ ሳይነካው ቆቡ ቀስ ብሎ ወረደ። ክብረት ክው ብሎ እጁን ሰበሰበ።

«እኔ ነኝ» አለችው ተናኘ። «እኔ ነኝ የከደንኩት።»

ፕላስተሩን መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተኛ።